ከሰርቪስ በኋላ የመጣ የሞተር ሳይክል ንዝረት፦ ሞተሩ ከመከፈቱ በፊት የሚታዩ ነገሮች

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ባለ 150 ሲሲ፣ ሲጂ የሚባለው ዓይነት ሞተር ሳይክል አለኝ፤ ዕቃ አደርስበታለሁ። በመደበኛ ሰርቪስ ዘይትና ካንዴላ ተቀየረ፣ የአየር ፊልትሮው ጸዳ፣ ካርቡሬተሩ ወርዶ ታጠበ፣ ቫልቭ ተስተካከለ፣ ካቴና ጠበቀ። ከጋራዥ ከወጣሁበት ሰዓት ጀምሮ ቆሞ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው) ሲሠራ ይንዘፈዘፋል። ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ስሄድ ደግሞ መሪውና የእግር መርገጫው እየነዘሩ እጄ ይደነዝዛል። መካኒኩ ክራንኩ አልቋልና ሞተሩ ይከፈት አለኝ። ላስከፍተው?»

አያስከፍቱ። ቢያንስ ከዚህ በታች ያለውን ሳያዩ አያስከፍቱ። ጠዋት በሰላም ገብቶ ከሰዓት እየነዘረ የወጣ ሞተር ችግሩ መፈለግ ያለበት በዚያ ቀን እጅ ከነካቸው ቦታዎች ነው። ክራንክ ሻፍት (የፒስተኑን መመላለስ ወደ መዞር የሚለውጠው ዘንግ) እና ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት ማረፊያ) የሚያልቁት በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ቀስ በቀስ ነው፤ ድምፃቸውም ከሰርቪሱ በፊት ይሰማ ነበር። ዘይት በመቀየርና ካርቡሬተር በማጠብ ክራንክ አያልቅም። በዚያ ላይ የሲጂ ክራንክ በፕሬስ ተገጣጥሞ የሚሠራ ነው፤ ያለ በቂ መሣሪያ ተከፍቶ ከተገጠመ መሃሉ ይስትና የዛሬውን የሚያስመኝ ንዝረት ይዞ ይመለሳል።

ሌላው ነገር፣ የነገሩኝ ምልክት አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። በሚኒሞ መንዘፍዘፍና በፍጥነት ላይ መንዘር አብዛኛውን ጊዜ የተለያየ ምክንያት አላቸው። የመጀመሪያው ከማቀጣጠል፣ ከአየርና ከነዳጅ ወይም ከቫልቭ ይመጣል። ሁለተኛው ደግሞ ሞተሩ ከሻንሲው ጋር ከታሰረበት ቦታ ወይም ከካቴናው ይመጣል። ሁለቱን አንድ በሽታ አድርጎ የሚያይ ሰው ነው ቶሎ «ይከፈት» የሚለው።

ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ጤነኛም ሆኖ እንደሚነዝር መረዳት ያስፈልጋል። በዚህ ሞተር ፒስተኑ 49.5 ሚሊ ሜትር እየወጣና እየወረደ ይመላለሳል። ፒስተኑና አብሮት የሚመላለሰው የቢየላ (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ዘንግ) ክፍል 200 ግራም ያህል ቢመዝን፣ በደቂቃ 6000 ዙር ላይ በእያንዳንዱ ጫፍ ፒስተኑን አቁሞ ለመመለስ የሚያስፈልገው ኃይል ወደ 200 ኪሎ ክብደት ይጠጋል። የክራንኩ ሚዛን ጠባቂ ክብደት ግማሹን ያህል ያቃልላል። ባላንስ ሻፍት (ንዝረትን ለማመጣጠን የሚዞር ተጨማሪ ዘንግ) ያላቸው ሞዴሎች ከቀሪው ብዙውን ይውጡታል፤ የሌላቸው ግን ሻንሲው እንዲሸከመው ይተዉታል። ኃይሉ የሚያድገው በዙሩ ካሬ ስለሆነ ከ4000 ወደ 6000 ሲወጡ ከእጥፍ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ አንድ የሞተር መያዣ ብሎን ሲላላ በሚኒሞ ምንም ሳይታወቅ 50 እና 60 ላይ ሲደርሱ እጅ የሚያደነዝዝ ንዝረት ሊመጣ ይችላል።

ከመፍቻ በፊት ሁለት ነጻ ሙከራ ያድርጉ። አንደኛው ቆመው የሚሠሩት ነው። ሞተሩ ይሙቅ፤ ሞተር ሳይክሉን በመሃል ማቆሚያው አቁመው በባዶ ማርሽ ጋዙን ቀስ እያሉ ከሚኒሞ እስከ 6000 ዙር ያሳድጉና ወዲያው ይመልሱ። ንዝረቱ ቆሞም ከመጣ ካቴናም ጎማም ነጻ ናቸው፤ ከሞተሩ ወይም ከመያዣው ነው። ሁለተኛው ሙከራ ቀጥ ባለና ባዶ በሆነ አስፋልት ላይ ነው። ንዝረቱ በሚበረታበት ፍጥነት ላይ ፍሪሲዮኑን ይዘው ጋዙን ይልቀቁ። ሞተር ሳይክሉ በዚያው ፍጥነት እየተንሸራተተ ንዝረቱ ወዲያው ከጠፋ ከሞተሩ ነው። ካልጠፋ ከቸርኬ፣ ከጎማ ወይም ከካቴና ነው።

የንዝረቱ ዓይነትም ራሱ ይናገራል። 18 ኢንች ቸርኬ ያለው የኋላ ጎማ በ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት በሴኮንድ 9 ጊዜ ያህል ይዞራል። የጎማ ችግር ታዲያ እንደ ምት ይሰማል፤ መቀመጫን ወይም መሪን ግራና ቀኝ ይወዘውዛል። ሞተሩ በዚሁ ፍጥነት በአምስተኛ ማርሽ በሴኮንድ 90 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ይህ መቁጠር የማይቻል ቀጭን ንዝረት ሆኖ ጣትንና የእግር መዳፍን ያደነዝዛል። የካቴና ችግር ደግሞ ጥርስ በጥርስ ሲነካካ በሴኮንድ ከ300 በላይ ምት ስለሆነ ከንዝረት ይልቅ የመፍጨት ድምፅ ሆኖ ከእግር መርገጫ በታች ይሰማል። እርስዎ «እጄ ይደነዝዛል» ያሉት ወደ ሞተሩ መያዣ ይጠቁማል። ለዚህ ነው ከዚያ የምጀምረው።

የሞተር መያዣ ብሎኖች ሞተሩ ከሻንሲው ጋር የሚታሰርባቸው ናቸው፤ ከፊት በቅንፍ፣ ከኋላና ከታች በረጃጅም ብሎን፣ በብዙዎቹ ሞዴሎች ደግሞ ከላይ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ከሻንሲው ጋር በሚያገናኝ ትንሽ ቅንፍ ይያዛሉ። ዋናው ተጠርጣሪ ይህ የላይኛው ነው። ቫልቭ ለማስተካከል ታንክ ሲወርድና የሮከር (ቫልቭ የሚገፋው ማንሻ) ሽፋን ሲከፈት እጅ እንደ ልብ አላስገባ ስለሚል ይፈታል። ሲመለስ ከጎኑ የነበረው ሮንዴላ ወይም ትንሿ የብረት ቱቦ ትረሳለች፤ ወይም ብሎኑ በእጅ ገብቶ በመፍቻ ሳይጠብቅ ይቀራል። ሮንዴላዋ ከጠፋችና ብሎኑ በግድ ከጠበቀ ደግሞ ቅንፉ ተጣሞ ሞተሩን ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል። እንዲህ ተወጥሮ የታሰረ ሞተር ከላላው ባላነሰ ይነዝራል፤ ብሎኑ ጠብቆ ስለሚገኝ ግን ማንም አይጠረጥረውም።

ስለዚህ ብሎኖቹን ሲያዩ «ጠብቀዋል ወይ» ብቻ አይበሉ። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ሁሉንም የመያዣ ዳዶዎች ግማሽ ዙር ያላሉ፤ አያውጧቸው። ሞተሩን በእጅ ይዘው ትንሽ ወዝወዝ አድርገው በራሱ ቦታ እንዲቀመጥ ይተዉት። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ብሎን ያለ መዶሻ መግባትና መውጣት አለበት። አንዱ በጥብቅ ከተያዘ ወይም በቅንፉና በሞተሩ መሃል ክፍተት ከታየ የጎደለ ሮንዴላ አለ ማለት ነው። ከዚያ የታችና የኋላውን፣ ቀጥሎ የፊቱን፣ መጨረሻ የላይኛውን ያጥብቁ። የሞዴልዎ መመሪያ የተለየ ቁጥር ካልሰጠ ሆንዳ ለተራ ብሎኖች የሚያስቀምጠው መጠን ጥሩ መነሻ ነው፦ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን 10 ኒውተን ሜትር፣ 8 ሚሊ ሜትር 22፣ 10 ሚሊ ሜትር 34። ቁጥሮቹ የብሎኑ ውፍረት እንጂ የመፍቻው ቁጥር አይደሉም፤ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን አብዛኛውን ጊዜ በ12 ቁጥር መፍቻ ይፈታል፣ 10 ሚሊ ሜትሩ በ14 ወይም በ17። ቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ መፍቻ) ያለው ጋራዥ ፈልጎ ለዚህ ሥራ ብቻ መክፈል ያዋጣል።

ማርሚታውንም (የጭስ ማውጫውን) አብረው ይዩ። ቱቦው ከቴስታታው ጋር በሁለት ዳዶ፣ ከኋላ ደግሞ ከሻንሲው ጋር በብሎን ይታሰራል። ከኋላ ቀድሞ ከጠበቀና ከፊት በኋላ ከተሳበ ቱቦው እንደተወጠረ ይቀርና የሞተሩን ንዝረት በቀጥታ ወደ ሻንሲውና ወደ እግር መርገጫው ያሻግራል። የኋላውን ያላሉ፣ የፊት ሁለቱን ዳዶዎች ተራ በተራ እኩል ያጥብቁ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይሂዱ። በፊቱ በኩል ጥቀርሻ ከታየ ወይም ጋዝ ሲለቁ ፓፓፓ የሚል ድምፅ ካለ የመዳቡ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) መቀየር አለበት።

ይህን ጨርሰው ሞተሩ ቆሞ ሲጮህ የማይነዝር ከሆነ የፍጥነት ላይ ንዝረቱ ግማሽ መንገድ ተፈትቷል። ወደ ሚኒሞው እንሂድ።

መጀመሪያ የሚታየው ቾክ ነው። ካርቡሬተር ታጥቦ ሲገጠም የቾኩ ማንሻ ሳይመለስ ግማሽ ላይ መቅረቱ የተለመደ ነው፤ ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበት እየታፈነ ይንዘፈዘፋል፣ ጥቁር ጭስም ያወጣል። ቀጥሎ የሚኒሞው ዙር ይለካ። የዚህ ሞተር ሚኒሞ ሞቆ በደቂቃ 1400 ዙር፣ ሲበዛ መቶ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ነው። ቤንዚን ይቆጥባል ተብሎ 900 እና 1000 ላይ የሚወረድ ብዙ ነው። ባለ አራት ምት ባለ አንድ ሲሊንደር የሚያቀጣጥለው በሁለት ዙር አንዴ ስለሆነ በ900 ዙር በሴኮንድ ሰባት ጊዜ ተኩል ብቻ ይተኩሳል ማለት ነው፤ በምትና በምት መሃል ፍላይዊሉ (በክራንኩ ጫፍ የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ኃይል አጥሮት ሻንሲውን ይዞ ይወዛወዛል። በዚያ ላይ በዝቅተኛ ዙር የዘይት ፓምፑ የሚገፋው ዘይት ስለሚያንስ ወደ ሮከሮቹ የሚደርሰውም ይቀንሳል። መንዘፍዘፉ ሚኒሞውን 1400 በማድረግ ብቻ ከጠፋ እዚያው ያቁሙ።

ካልጠፋ ካንዴላውን ያውጡ። ለዚህ ሞተር የተለመደው ዲ8ኢኤ (D8EA) ወይም አቻው ነው። ዲ የጥርሱን ውፍረት 12 ሚሊ ሜትር፣ 8 የሙቀት ደረጃውን፣ ኢ ደግሞ የጥርሱን ርዝመት 19 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይናገራል። ሱቅ ላይ የሚሰጠው አንዳንዴ ጥርሱ 12.7 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ፣ ኤች (H) ፊደል ያለበት ይሆናል። ይገባል፣ ይጠብቃል፣ ሞተሩም ይነሳል፤ ግን ብልጭታው ከቴስታታው ጉድጓድ ውስጥ ስለሚቀር ማቀጣጠሉ ይዘገያል፣ ዝቅተኛ ዙር ላይም ይስታል። አሮጌውን ካልጣሉት ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ያወዳድሩ። የጫፎቹ ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ አዲስ ነው ተብሎ ሳይለካ አይግባ፣ መሬት ወድቆ ክፍተቱ የተዘጋ አዲስ ካንዴላ ብርቅ አይደለም። ሲገጥሙ በእጅ እስኪቆም ያዙሩትና አዲስ ሮንዴላ ካለው ግማሽ ዙር ያህል ይጨምሩ፤ በቶርክ ከሆነ ከ15 እስከ 20 ኒውተን ሜትር። የካንዴላ ኮፍያውም ቀጭ ብሎ መቀመጥ አለበት። ገመዱ ከኮፍያው ውስጥ ላልቶ ከሆነ ጫፉን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ቆርጠው በማዞር መልሰው ያስገቡት።

ከካርቡሬተር መታጠብ በኋላ የሚመጣው ትልቁ ጉዳት የአየር መግቢያ ፍንጣቂ ነው። በካርቡሬተሩና በቴስታታው መካከል ጥቁር ኢንሱሌተር አለ፤ በሁለቱ ፊቶቹ ላይ የጎማ ቀለበት ወይም ጓርኒሲዮን ይቀመጣል። ቀለበቱ ከቦታው ወጥቶ ከተቆነጠጠ ወይም ሁለቱ ብሎኖች እኩል ካልጠበቁ ተጨማሪ አየር ይሳባል፤ ድብልቁ ይሳሳል። ምልክቱ የታወቀ ነው፦ ሚኒሞው አንዴ ይወጣል አንዴ ይወርዳል፣ ጋዝ ሲለቁ ቶሎ አይመለስም፣ ሞተሩ ከወትሮው ይሞቃል። ለመፈተን ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ መገጣጠሚያው ዙሪያ በመርጫ ጠርሙስ ጥቂት ውኃ ይርጩ፤ ካንዴላውን አያርጥቡ። ድምፁ በቅጽበት ከተለወጠ ፍንጣቂው እዚያ ነው። አንዳንዶች ቤንዚን ይረጫሉ፤ በሞቀ ማርሚታ አጠገብ ይህ እሳት መጥራት ስለሆነ ፈጽሞ አያድርጉት። ብሎኖቹንም ከመጠን በላይ በማጥበቅ ፍንጣቂውን ለመዝጋት አይሞክሩ። የካርቡሬተሩ ጆሮ ይታጠፍና ከዚያ በኋላ በፍጹም አይገጥምም።

ድብልቁን ለማስተካከል ትንሿን ስክሩ ቀስ ብለው እስኪቆም ወደ ውስጥ ያዙሩ፣ አያስጨንቋት፤ ከዚያ ሁለት ዙር ይመልሱ። ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ሩብ ሩብ ዙር ወዲያና ወዲህ እያሉ ዙሩ ከፍ የሚልበትን ቦታ ይፈልጉ፣ መጨረሻ ሚኒሞውን 1400 ላይ ይመልሱ። ይህ በሚነዱበት ከፍታ መሠራት አለበት። ድሬዳዋ ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር አዲስ አበባ ሲወጣ፣ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚን ይበዛበታል። የአየር ፊልትሮውም ከዚሁ ጋር ይታይ፦ የወረቀት ከሆነ በቤንዚን አይታጠብም፤ ስፖንጅ ከሆነ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ተቀብቶ በደንብ መጨመቅ አለበት። ዘይቱ የሚንጠባጠብ ስፖንጅ ሞተሩን ያፍናል።

አሁን ወደ ቫልቩ። እዚህ ላይ ጊዜ እወስዳለሁ፤ ምክንያቱም በሰርቪስ ውስጥ ከሁሉ በላይ ስህተት የሚፈጸምበት ሥራ ይህ ነው፣ ጉዳቱም ውሎ አድሮ ገንዘብ ያስወጣል። የሆንዳ ሲጂ 125 የቫልቭ ክፍተት ለመግቢያውም ለመውጫውም 0.08 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ150ው የሞዴልዎን መመሪያ ይዩ፣ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የሚለካው ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ነው፤ ጠዋት ከመነሳቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል። ተነድቶ መጥቶ ወዲያው የተስተካከለ ቫልቭ ልኩ ሊሆን አይችልም።

ዋናው ስህተት የሚፈጸመው ግን ፒስተኑ ላይ ነው። በፍላይዊሉ ላይ ያለው ቲ (T) ምልክት ከሽፋኑ ምልክት ጋር ሲገጥም ፒስተኑ ጫፍ ደርሷል። ነገር ግን በባለ አራት ምት ሞተር ፒስተኑ ጫፍ የሚደርሰው ሁለት ጊዜ ነው፦ አንዴ ድብልቁን ጨምቆ፣ አንዴ የተቃጠለውን ጋዝ አስወጥቶ። በሁለተኛው ላይ መውጫው ገና ሳይዘጋ መግቢያው መከፈት ይጀምራል፤ ሁለቱም ቫልቮች በከፊል ክፍት ናቸው። መካኒኩ በዚህ ቦታ ላይ ሆኖ ፊለር ጌጅ (የክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) ሲያስገባ ክፍተት ያጣል፤ እስኪገባለት ድረስ ስክሩን ያላላል። ሞተሩ ሲዞርና ቫልቩ በእርግጥ ሲዘጋ ክፍተቱ ከ0.08 ብዙ ጊዜ እጥፍ ሆኖ ያርፈዋል። ሮከሩ እየተንኳኳ ቀጭቀጭ ይላል፣ ቫልቩ በቂ አይከፈትም፣ ጉልበት ይጠፋል፣ ሚኒሞውም አይረጋም። ሰርቪስ ከተደረገ ወዲህ ቴስታታው ላይ አዲስ የቀጭቀጭ ድምፅ ካለ መጀመሪያ ይህን ይጠርጥሩ።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። ካንዴላውን አውጥተው ክራንኩን ከግራ በኩል ሲያዩ ከሰዓት አዙሪት በተቃራኒ ያዙሩ። ቲ ምልክቱ ሲገጥም ሁለቱንም ሮከሮች በጣት ይነቅንቁ። ሁለቱም ጥቂት ጥቂት የሚንቀሳቀሱ ከሆነ በመጭመቂያው ጫፍ ላይ ነዎት። አንዱ እንኳ ድርቅ ካለ አንድ ሙሉ ዙር ጨምረው እንደገና ይሞክሩ። ከዚያ ዳዶውን አላልተው ፊለር ጌጁ በትንሽ ግጭት የሚንሸራተትበት ቦታ ላይ ስክሩን ይያዙ፣ ዳዶውን ያጥብቁ፣ መልሰውም ይለኩ፤ ዳዶው ሲጠብቅ ስክሩ አብሮ ይዞርና ልኩ ይለወጣል። 0.08 እየገባ 0.10 የማይገባ ከሆነ ተጠናቋል።

ከመጠን በላይ የጠበበው ግን የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ድምፅ የለውም። ቫልቩ እስከ ዳር አይዘጋም፣ የተጨመቀው ድብልቅ ይሾልካል፣ ሚኒሞው ይንዘፈዘፋል፣ ሞተሩ ሲሞቅ መነሳት እምቢ ይላል። መውጫው ቫልቭ ሙቀቱን የሚያስተላልፈው መቀመጫውን ሲነካ ስለሆነ ካልነካ ዳሩ ይቃጠላል። ጸጥ ያለ ቴስታታ ጥሩ ቴስታታ ነው የሚለውን አይመኑ።

ካቴናው በፍጥነት ላይ ካለው ንዝረት ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ በተለይ ለዕቃ ማድረሻ ስለሚሠሩ። ጋራዥ ውስጥ ማንም ሳይቀመጥበት የጠበቀ ካቴና እርስዎና ሸክሙ ሲወጡበት ይበልጥ ይወጠራል፤ አሞርዛተሩ ሲወርድ የፊት ጥርሱ፣ የኋላ ሹካው ማጠፊያና የኋላ አክሱ ወደ አንድ መስመር ስለሚጠጉ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ያለው ርቀት ይረዝማል። ለእንዲህ ዓይነት የመንገድ ሞተር ሳይክል በታችኛው መሃል ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መንቀሳቀስ አለበት። ጎማውን እያዞሩ አራት አምስት ቦታ ላይ ይለኩና ከሁሉ በጠበቀው ቦታ ላይ ያስተካክሉ። በጠበቀውና በላላው ቦታ መካከል ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ ካቴናው እኩል አላለቀምና ከነጥርሶቹ ይቀየር። በሹካው ግራና ቀኝ ያሉት የማስተካከያ ምልክቶች እኩል ቁጥር ላይ መሆናቸውን፣ የካቴናው መቆለፊያ ክሊፕ ዝግ ጎኑ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ማየቱን፣ የአክሱም ዳዶ መጥበቁን ያረጋግጡ። ከመጠን በላይ የጠበቀ ካቴና የፊት ጥርሱን የሚሸከመውን ኩሽኔታ ይበላል፤ ያ ኩሽኔታ ደግሞ ያለው ሞተሩ ውስጥ ነው።

ዘይት በቀጥታ እንዲህ ዓይነት ንዝረት አያመጣም፤ ግን መጠኑን ይዩ። ሲፈስ የሚሞላው አንድ ሊትር ገደማ ነው። ሞተሩ ሦስት ደቂቃ ሠርቶ፣ ጠፍቶ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ፣ ቀጥ ብሎ እያለ መለኪያውን ሳያጠብቁ ብቻ አስገብተው ያንብቡ። ከላይኛው መስመር ያለፈ ዘይት በሚዞሩት ክፍሎች ይመታል፣ አረፋ ይሆናል፣ በመተንፈሻው በኩል ወደ አየር ፊልትሮ ይገባል። ሲነሱ ብቻ የሚሰማ መንቀጥቀጥ ካለ ደግሞ የዘይቱ ዓይነት ይጠየቅ፦ የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን በዚያው ዘይት ውስጥ የሚሠራ ስለሆነ ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 (JASO MA፣ MA2) የሚል መኖር አለበት። ነዳጅ ይቆጥባል የተባለ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታል።

አንድ ነገር መካኒኩን በግልጽ ይጠይቁ፦ በዚያ ቀን የሞተሩ የጎን ሽፋን ተከፍቶ ነበር? የግራው ተከፍቶ ፍላይዊሉ ከወጣ ዳዶው ላልቶ ወይም ፍላይዊሉን በቦታው የምትይዘው ትንሿ ብረት ተበልታ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ማቀጣጠሉ ከጊዜው ይወጣል፣ ከግራ በኩልም በሚኒሞ የሚንኳኳ ድምፅ ይሰማል። ሞተርዎ ባላንስ ሻፍት ካለውና የክራንኩ ማርሽ ወጥቶ ከነበረ ደግሞ የሁለቱ ማርሾች ምልክት ለምልክት መግጠም አለበት። አንድ ጥርስ እንኳ ከሳተ ባላንስ ሻፍቱ ሥራውን በትክክል አይሠራም፤ ይበልጥ ከሳተ ደግሞ ንዝረቱን ያባብሰዋል። መለያው ንዝረቱ በሁሉም ዙር መኖሩና ዙር በጨመሩ ቁጥር ማደጉ ነው፤ የመያዣ ብሎን ማጥበቅ አይለውጠውም። የጎን ሽፋን ካልተከፈተ ግን ይህን ክፍል ይዝለሉት።

ሁሉም ልክ ሆኖ ንዝረቱ ካለ ያኔ ክራንኩ ይፈተናል፤ እሱም ሞተር ሳይከፈት። የወጣውን ዘይት በነጭ ጨርቅ አጥልለው የሚያብረቀርቅ የብረት ቅንጣት ይፈልጉ። የግራ ሽፋኑን አውጥተው ፍላይዊሉን ወደ ላይና ወደ ታች ይግፉ፤ በእጅ የሚታወቅ መላወስ ካለ ዋናው ኩሽኔታ አልቋል። ካንዴላው ወጥቶ ፒስተኑ መሃል መንገድ ላይ ሲሆን ፍላይዊሉን ወዲያና ወዲህ በጥቂቱ ያወዛውዙ፤ ፒስተኑ ከመንቀሳቀሱ በፊት ቀጭ የሚል ባዶ ጉዞ ካለ የቢየላው ኩሽኔታ ነው። ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ከታች ደግ ደግ የሚል ወፍራም ድምፅ ካለም እንዲሁ ነው፤ ያኔ መንዳት ያቁሙ።

የኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ የመጭመቅ ግፊት) ልኬት ካስደረጉ አንድ ነገር ያስታውሱ። የመመሪያ ቁጥሮች የተጻፉት ለባሕር ወለል ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ስለሚያንስ ጤነኛ ሞተርም ከመመሪያው በዚያው መጠን ዝቅ ብሎ ያነባል። ስለዚህ በአንድ ዝቅ ያለ ቁጥር ብቻ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) አያስቀይሩ። ጋዙን ሙሉ ከፍተው ይለኩ፣ ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ይድገሙት። ቁጥሩ በግልጽ ከጨመረ ፋሻው ነው፤ ካልጨመረ ወደ ቫልቩ ተመልሰው 0.08ቱን እንደገና ይለኩ።